የማይሸጠው ቢሮ

ወንበር ሠሪው ኮታቸውን ቆልፈው ፎቶ ቤት መብራት ፊት ቁጭ እንዳሉ፣ የእህታቸው ልጅ ከተፍ አለች። ጠበቃ ናት፤ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ፈልጋ ነው የገባችው።

«ውይ አጎቴ! ደግሞ ለጉብኝት ቪዛ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።»

እውነታቸውን ነው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ባሕር ማዶ አግብታ ወልዳለች። እዚያ አገር ደግሞ ሕጉ አባትን ከቤተሰብ አይቆጥርም፤ ጎብኝቶ ውልቅ ነው። የልጅ ልጃቸው በር ከፍታ ስትስማቸው መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «አያቴ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ነው። ይቺ ጥያቄ አንጀታቸውን ትበላዋለች።

«እርስዎ ድርጅት ያለዎት ሰው አይደሉ እንዴ?» አለች ጠበቃዋ። «ለምን የድርጅትዎን ወኪል ቢሮ እዚያ አይከፍቱም? በሕግ ከተመዘገበ ለወኪሉ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጡታል።»

«ቢሮው ወንበር ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ወንበሩን ያሳያል፣ ደንበኛ ያገናኛል። ሽያጩ ከዚሁ ነው።»

«አይ የዘመኑ ልጆች! የማይሸጥ ሱቅ አመጣችሁብን?»

«አባባ፣ አይንቀሳቀሱ!» አለ ፎቶ አንሺው።

ደጅ ሲወጡ ግን ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ናፍቆት የማያስበው ነገር የለም።

«እንዲያ ከሆነማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የድርጅቱን ስም ለጥፌ፣ በሩን ቆልፌ ልጄ ቤት ቁጭ ነዋ!»

«ኧረ በፈጠረዎ! ተቆጣጣሪ በር ያንኳኳል፤ ፈቃዱም የሚታደሰው ሥራ ሲታይ ነው። ደግሞስ የልጅ ልጅዎ ‹አያቴ፣ ምንድን ነው ሥራህ?› ብትል ምን ሊሏት ነው? መደበቅ?»

ወንበር ሠሪው አፈሩ። ዕድሜ ልካቸውን እግሩ የሚወላገድ ወንበር ከደጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ይሁን፤ ወርክሾፑንስ ማን ይይዘዋል?»

«ዋና አናጢዎን ሥራ አስኪያጅ አድርገው ይሹሙታ።»

«እሱን? ባለፈው እዚያ ሆኜ በየቀኑ ስደውል አንድ ቀን እንኳ አላነሳም!»

«ወንበሮቹስ?»

ሽማግሌው እውነቱን አመኑ። ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ ወንበሮቹ ተሠርተው አልቀው፣ ቫርኒሽ ተቀብተው፣ ለየደንበኛው ደርሰው ነበር።

«እየሠራ ስልክ በምን እጁ ያንሳ?» አለች። ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ቁልፉ ኪሳችን ስላለ ብቻ ሥራው በእኛ የቆመ ይመስለናል። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ቁልፉን አስረከቡ። አናጢው የሚገባውን ሹመት አገኘ፤ ወንበሮቹ አዲስ ገበያ ሊያዩ ነው፤ አባትም እንደ ሌባ ሳይሸሸጉ፣ እንደ እንግዳም ቀን ሳይቆጠርባቸው በሕግ ሊኖሩ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በቅንነት ለመሥራት በመቁረጣቸው ነው።

ቁልፉን ባስረከቡበት ዕለት ልጃቸው ደወለች።

«አባዬ፣ ቪዛው ተገኘ?»

«የጉብኝቱን ነገር ትቼዋለሁ።»

ድምጿ ቀዘቀዘ። «ምነው፣ ሰለቸንህ?»

«ሥራ ይዤ ነው የምመጣው። ቀን ቀን ቢሮዬ ነኝ፤ እንዳትጠብቁኝ።»

«ማታስ?»

«ማታማ ልጄ፣» አሉ፣ «እንደ ሰው ሁሉ ከሥራ ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ።»