ከውሃው ራስ የተነሳ

(በጋው በከፋበት ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ። የመንደሩን የመስኖ ውሃ በተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት፣ አያ ልጃለም፣ ባሏ የሞተባትን አንጓችን ከሽንኩርት ማሳዋ ዳር አግኝተው ይለምኗታል፤ አጠገባቸው ቦዩ ቀጠን ብሎ ይንሿሿል።)

አያ ልጃለም፦ እባክሽ አንጓች፣ ልጅሽን አስነሺያት።

አንጓች፦ ትርንጎን? ከተነሳች እኮ ተራዬ አለፈ። «ባለተራ ውሃው ከወንዝ ከሚለቀቅበት ራስ ከተነሳ፣ ውሃው ለሚቀጥለው ነው» ያሉት እርስዎ ነዎት።

አያ ልጃለም፦ ማለቱንስ ብያለሁ። ያኔ ወንዙ ወንዝ ነበር። አሁን ያለው አንድ ማሳ አጠጥቶ ለሁለተኛው አይደርስም።

አንጓች፦ ለዚህ አይደል ዕጣ የጣልነው? ሁላችንም የየራሳችንን ምልክት ነጠላ ላይ ጣልን፣ ማናችንንም የማያውቅ መንገደኛ ጠርተን አወጣልን። የኔ አዝራር ቀድሞ ወጣ።

አያ ልጃለም፦ የባለጫቱ የታፈረ ዕጣ መጨረሻ ወጣ። ጣጣው እሱ ነው።

አንጓች፦ ሰው ሁሉ ጠጠርና እንጨት ሲጥል፣ እሱ የጥይት ቀለህ ሲጥል ምነው ዝም አሉ?

አያ ልጃለም፦ ቀልድ መስሎኝ። ሳቅሁ እንጂ ዝምስ አላልሁም።

አንጓች፦ እኔም ስቄ ነበር።

አያ ልጃለም፦ ታፈረ የስምንት ልጅ አባት ነው። አንቺና ትርንጎ ሁለት ናችሁ። በአፍ ብንቆጥረው…

አንጓች፦ አምና ወንዙ ሞልቶ ሳለ በአፍ ቁጠሩልኝ ብሎ ነበር? ከብቶቹ ይጠጡ፣ ልጆቹም ይቅዱ ብዬ ልኬበታለሁ። እሱ የሚፈልገው ለጫቱ ነው።

አያ ልጃለም፦ ልጆቹን የሚያበላው ጫቱ ነው።

አንጓች፦ እኛንስ ይህ ሽንኩርት አይደል? ዛሬ ካልጠጣ ነገ ነቅዬ ለፍየል ነው የምሰጠው። ከዚያ ወዲያ የምንበላው የለንም።

አያ ልጃለም፦ ጠዋት ቤቴ መጥቶ ነበር። አልተቆጣም። ቁጭ አለና «ተራዋን ብትተው ይሻላታል» ብሎኝ ሄደ። ያ ሰው ሲጮህ ነው የሚሻለው። ፈራሁ፣ አንጓች።

አንጓች፦ ለማን?

አያ ልጃለም፦ ለእናንተም። ለራሴም።

አንጓች፦ እኔም እፈራለሁ። ስለምፈራ ነው ቀርቼ ትርንጎን የላክሁት። እኔ ብሄድ አፌ አያርፍም። እሷ ዝምተኛ ናት፤ ዝም ብላ የተቀመጠች ልጅ ማን ይነካል ብዬ።

አያ ልጃለም፦ ብቻዋን ናት?

አንጓች፦ ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ ሥራ በዛበት። እንዴት ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ እንደበዛበት እርስዎ ያውቃሉ።

አያ ልጃለም፦ ታፈረን ፈርተው ነው።

አንጓች፦ ዛሬ ለታፈረ ብተውለት፣ ከእንግዲህ ጠጠር ይዞ ለዕጣ የሚመጣ ያለ ይመስልዎታል? ሁሉም ጠመንጃውን ይዞ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ እርስዎ የምን አባት ይሆናሉ?

አያ ልጃለም፦ እውነትሽን ነው። በይ ያችን ዱላዬን አቀብዪኝ። ወጥቼ ከልጅሽ ጎን እቀመጣለሁ። ተራሽ እስኪያልቅ ማንም አያስነሳትም።

አንጓች፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንኩ… ቆይ። ቆይ እስቲ።

አያ ልጃለም፦ ምነው?

አንጓች፦ ቦዩ ዝም አለ።

አያ ልጃለም፦ ደክሟት ዘግታ እየመጣች ይሆናላ።

አንጓች፦ ተራዋ ሳያልቅ ትርንጎ ከዚያ አትነሳም፣ አያ ልጃለም። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።