የጾም ተብሎ የመጣው ማዮኔዝ

— ሃሎ? … አዎ፣ እኔው ነኝ፣ የትነበርሽ። ምነው፣ ድምፄ ጠፋህ?

አራዳ ካለችው ድንች ቤቷ ባንኮኒ ጀርባ ቆማለች። የደወለው አንዱዓለም ነው፤ «የጃፓን» የሚሉትን በሚጥሚጣ የቀላ ማዮኔዝ እየሠራ የሚያስረክባት።

— ስንት ብልቃጥ ላምጣ ነው ያልከው? … አንተ፣ ልጄ ትናንት ሐኪም ቤት እንደዋለች አልሰማህም? … ልጄ ምስጢር ናታ! ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት። እንቁላል እንደማይስማማት ታውቃለህ። ሐኪሙ «እንቁላል በልታለች?» ቢለኝ «ኧረ በፍልሰታ! ድንች በጾም ማዮኔዝ ነው» ብዬ ማልኩ። … አትሳቅ! … እኮ በምንድን ነው የመታኸው? … ሃሎ፣ ትሰማኛለህ? በምን?

መልሱን ስትሰማ ባንኮኒውን ጨበጠች።

— በእንቁላል? ከመቼ ጀምሮ? … ጾሙ ከገባ ጀምሮ! … የሽንብራው ውሃ አልረጋ ቢልህ፣ አልረጋም አትለኝም? «የኮላ ድባ ሽንብራ ቀቅዬ በውሃው እመታዋለሁ» ያልከው፣ ብልቃጡ ላይ «የጾም» ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?

— ምን? … እንቁላል ገንቢ ነው? ልጄን ነው የገነባው? ደግሞ ማዮኔዙ ከአራት እጅ ሦስቱ ዘይት ነው፤ ለማጣፈጫ እንጂ ለጤና ብዬ አልሸጥኩትም። ድንቹ ላይ፣ ሳንቡሳው ላይ፣ ሩዙ ላይ ስቀባ የከረምኩት ግን እኔ! ያ ሁሉ ጿሚ ከቅዳሴ ወጥቶ እኔን አምኖ ነው የሚበላው።

— ዝም እንበል? … ቤቴ ይዘጋል? ይዘጋ! … አታስፈራራኝ፣ አንተ ሐሰተኛ!

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ፤ ከቅዳሴ መልስ ድንቿን ሳይበሉ ወደ ቤታቸው የማይገቡት አያ ካሣዬ ናቸው።

— አያ ካሣዬ፣ ይግቡ … አይ፣ ዛሬ ድንች የለም። ይቀመጡ፣ የምነግርዎት አለ። … ሰማህ አንዱዓለም? ከእሳቸው ነው የምጀምረው።

ስልኩን ሳትዘጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

— አያ፣ ጾምዎን አስገድፌዎታለሁ። በየቀኑ የበሉት ማዮኔዝ እንቁላል ነበረበት። አላወቅኩም ነበር፤ ያበላሁዎት ግን እኔ ነኝ። ያወቅኩትም ልጄ በልታው ታማ ነው።

ከስልኩ የአንዱዓለም ጩኸት ወጣ፤ ከዚያ ቱ … ቱ … ቱ … ዘጋው።

 ሽማግሌው ቀና ብለው አንድ ነገር ጠየቋት።

— ልጂቱማ ተርፋለች፣ አያ — አለች፤ እንባዋ ገና ያን ጊዜ መጣ።