ጤዛ ያሸነፈው ዋንጫ

በሞርና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳችን የሴቶች የክሪኬት ዋንጫ ሁለት ዓመት በተከታታይ በፓውዛ ተካሂዷል። ክለቦቹ ሰባት፣ ግጥሚያዎቹ በድምሩ አርባ አራት ነበሩ። ጨዋታው ከቀኑ አስር ሰዓት ይጀመራል፤ አንዱ ቡድን ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ ይመታል፤ የመጀመሪያው መቺ በፀሐይ፣ ሁለተኛው ከመሸ በኋላ በመብራት። ከአርባ አራቱ ሠላሳ ስድስቱን ያሸነፈው በኋላ የመታው ቡድን ነው። ማን በኋላ እንደሚመታ የሚወስነው ደግሞ ወደ ላይ የሚወረወር አንድ ሳንቲም ነበር።

ይህን ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ የክለባችንን ነጥብም እኔ እመዘግባለሁ። በሜዳው ጥግ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ሙቀቱንና የሳሩን እርጥበት በየግማሽ ሰዓቱ እጽፋለሁ። በታኅሣሥ ጤዛው የሚወርደው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እርጥብ ሳር ላይ የተንከባለለ ኳስ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ወርዋሪዋ ልታሽከረክረው አትችልም፣ መቺዋ እንደ ልቧ ትመታዋለች።

የፍጻሜው ጨዋታ ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ቴርሞሜትሬን ላነብ ስሄድ ቪናያክራው ቦብዴን ከውሃ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ የሜዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፣ ፍጻሜውንም የዳኙት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ኳስ በማሽከርከር በአውራጃው የታወቁ ነበሩ።

"መምህር ፒምፓልካር፣ በደህና ሰዓት መጡ፤" አሉና አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። "ይፈርሙልኝ። ፓውዛዎቹ ይነቀሉ ብዬ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ። ክሪኬት የቀን ጨዋታ ነው፤ ፀሐይ ለሁሉም እኩል ነች። ይሄ የማታው ነገር ሰርግ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ከበሮ፣ ኦቾሎኒ፣ ጩኸት!"

ወረቀቱን እያነበብኩ ሳለ ኬታኪ ቶሳር በበሩ ገባች። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ፊዚክስ ትማራለች፤ የጥጥ ገበያ ክለብ ወርዋሪ ናት። በፍጻሜው ቡድኗ ከእኛ ክለብ ጋር ሲጫወት በመብራት የወረወረችው እሷ ነበረች። ኳሱ ስለራሰ ይለወጥልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ለመነች። ቪናያክራው ሦስቱንም ጊዜ ከለከሏት፤ በመጨረሻም ሕዝቡ እስኪሰማ፣ "እጅሽን አድርቂ እንጂ በኳሱ አታሳብቢ!" አሏት። ሰዉ ሳቀ። በሠላሳ ስድስት ውርወራ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ተቆጠረባት። በማግስቱ የአውራጃውን ቡድን የሚመርጡት መራጮች ስሟን ከዕጩዎቹ ዝርዝር ሰረዙት።

"አጆባ፣ ማልያውን ልመልስ ነው የመጣሁት፤" አለች። አጆባ አያቴ ማለት ነው፤ እኛ ጋ ማንኛውም ሽማግሌ በአክብሮት የሚጠራበት።

"ኩርፊያ ነው?"

"ኩርፊያ አይደለም። ኳስ መያዝ የማትችል ልጅ ማልያ ምን ያደርግላታል?"

"ያልኩትን አልክድም። በእኛ ጊዜ መዳፋችንን አፈር ላይ አሸት አድርገን እንወረውር ነበር። ዳኛ ራሰ ተብሎ ኳስ አይለውጥም። ለማንኛውም ደስ ይበልሽ፤ መብራቱን ላስነቅለው ነው። ከእንግዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ትጫወታላችሁ፤ ጤዛም የለ፣ ሰበብም የለ።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ማልያውን ደረቷ ላይ ጨበጠችው።

"እንዳያደርጉት!"

"ምን? ያዋረደሽ እኮ መብራቱ ነው።"

"መብራቱ አላዋረደኝም። እናቴ ከጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ስድስት ዓመት ስጫወት አንድ ቀን አላየችኝም ነበር፤ ያየችኝ ፓውዛው ሲተከል ነው። ጠዋት ስንጫወት ማን ነበር የሚያየን? እርስዎ፣ መምህርና ሁለት ፍየሎች!"

"ፍየሎቹ ቢያንስ ከበሮ አይመቱም።"

ቀልዱን ብታጋንነውም ከእውነቱ ብዙ አልራቀችም። በመዝገቤ የጠዋት ጨዋታ ተመልካች በአማካይ አርባ ሦስት፣ የመብራቱ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነው። አብዛኞቹም ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉ ሴቶች ናቸው።

"እሺ፣ ሕዝቡ ይምጣ፤" አሉ ሽማግሌው። "ፍትሑስ? ተበደልኩ ባይዋ አንቺው ነሽ።"

"ተበድያለሁ። ጣሪያው ስላፈሰሰ ግን ቤቱን ያፈርሱታል?"

"የኔ ጣት ቢሆን ጤዛ አያሸንፈውም ነበር!"

ኬታኪ ከቦርሳዋ ነጭ ኳስ አውጥታ ገንዳው ውስጥ ነከረችው፤ አስር ቆጥራ አወጣችው፤ በእጅጌዋ አንዴ ጠረግ አድርጋ ሰጠቻቸው።

"በፍጻሜው ይሄን ያህል ነበር የራሰው። እስቲ ያንን ግንብ በሚሽከረከር ኳስ ይምቱልኝ።"

ቪናያክራው ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ኳስ ከጣታቸው አምልጦ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ወደ ኋላቸው በረረ። ሦስተኛው ግንቡ ጋ ደረሰ፤ ግን ምንም ሳይሽከረከር፣ ቀጥ ብሎ። እሷ የለመነችውም ሦስት ጊዜ ነበር።

እርጥብ ጣቶቻቸውን በሻላቸው ጠረጉ።

"ሰው ፊት ነው ያልኩሽ።"

"አዎ።"

"እናትሽ ነበረች?"

"ሦስተኛው ረድፍ ላይ።"

ሻላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ፣ በዚያ ጠዋት የሚያፍረው አንድ ሰው ብቻ ይሆን ነበር። መዝገቤን ገልጬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"ከአርባ አራት ሠላሳ ስድስት፤" ብለው አነበቡ። "መቼ ነው የቆጠሩት?"

"ያምና ጥር ነው የጀመርኩት።"

"ያምና! ለምን ዝም አልክ?" አንቱታው በዚያው ቀረ።

"ሁለቱንም ዓመት ዋንጫውን ያነሳው የኔ ክለብ ስለሆነ።"

ኬታኪ አልጮኸችም። ተማሪዬ ነበረች። "መምህር፣ 'ያያችሁትን ጻፉ' ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?"

"ጽፌዋለሁ።"

"ጽፈው ደብተሩን ዘጉት።"

ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ያለ እርማት ደርሶኝ አያውቅም።

ቪናያክራው ወረቀታቸውን ገልብጠው እስክሪብቶ አወጡ። "በይ ንገሪኝ፤ ምን ይደረግ?"

"ጨዋታው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመር፤ ጤዛው ሳይወርድ ያልቃል። ቀድሞ ከወረደ ሁለት ሰው ረጅም ገመድ በሳሩ ላይ እየጎተተ ያራግፈው፤ ለአንዱ ቡድን ሳይሆን ለሁለቱም። ኳስ ከራሰ ዳኛው እኩል ባረጀ ደረቅ ኳስ ይለውጠው።"

"እናትሽ ግን ግማሹን ጨዋታ ታጣለች።"

"ግማሹን ትጣ። ስዋረድ ሙሉውን ከምታይ ይሻላል።"

ሽማግሌው ጻፉ። በሌላ ወረቀት ደግሞ ለመራጮቹ፣ "ጥፋቱ የዳኛው ነው" ብለው ፈረሙ። እኔም ከሥሩ ፈርሜ የመዝገቤን ቅጂ አያያዝኩ። ኬታኪ ማልያውን ይዛ ተመለሰች። የመራጮቹ መልስ በሳምንቱ መጣ፤ ዝርዝሩ ስለተዘጋ አንድ ዓመት ትጠብቅ የሚል ነበር። ያ ዓመት የእኔ ዝምታ ዋጋ ነው፤ የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ኮሚቴው ፊት እኔና ቪናያክራው ቆመን ያደረግነውን ተናገርን። ክለቤ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚነሱኝ አሉ። ለውጡ ግን ጸደቀ። ሠራተኞች እንደ ድሮው ከሥራ ሲወጡ ይመጣሉ፤ ሳንቲሙ ሲወረወር ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም፤ የተሸነፈችም ወርዋሪ የተሸነፈችው በሰው መሆኑን ታውቃለች።

በቀጣዩ የብርድ ወራት ሃያ ሁለት ግጥሚያ ተደረገ። ተመልካቹ በአማካይ ወደ አንድ ሺህ ሃያ ዝቅ አለ፤ ዳኞች አሥራ ዘጠኝ ኳስ ለወጡ፤ ከአሥራ ዘጠኙ ሰባቱን የለወጡት ቪናያክራው ናቸው። ኬታኪ በየካቲት ለአውራጃው ቡድን ተመረጠች። ውድድሩ ባለቀ ዕለት ውጤቱን ደምሬ፣ ደብተሩ ውስጥ ሳይሆን የሜዳው በር ላይ ለጠፍኩት፦ ቀድሞ የመታው ቡድን አስር አሸንፏል፣ በኋላ የመታው አሥራ ሁለት።