የሽፋኑ ጢም

ካሂኔ፣ እንዴት ዋልክ? ነፋሱ ዛሬ ጉድ ነው፤ ከዋሄን ገበያ እስከዚህ በእግሬ መጥቼ አቧራ ለብሼልሃለሁ። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል... የፊልም መጽሔት ሽፋን መምረጥ ቀላል ነው እንዴ!

እስቲ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙረው። ማሻአላህ፣ ዳይሬክተራችን! እጅ አገጭ ላይ፣ ዓይን ወደ ሩቅ... ምን እያዩ ይሆን? ትኬት ሊቆርጥ የተሰለፈውን ሰው? እኔማ ዋናዋን ሴት ስለተጫወትኩ፣ «ሽፋኑ የአንቺ ነው» ስላላችሁኝም፣ የኔ ፎቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እናቴማ «ሳምሳም ልጄ ሽፋን ላይ ልትወጣ ነው» እያለች የኮድቡርን ሰፈር ቤት ለቤት ዞራለች። አሁን ምን ልበላት? ከፍቶኛል፣ ምን እዋሽሃለሁ... ግን ትልቅ ሰው ያማረው ነገር ይከለከላል? ዳይሬክተሩም እሳቸው፣ ተዋናዩም እሳቸው፤ ሽፋኑ ብቻ ለምን ይቅርባቸው?

ጢሙን ግን አየኸው? እንዴት ያለ ቀይ! ድሮ አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ነበር የሚባለው፤ የዛሬ አዋቂ ግን ጢሙን... ለነገሩ ለዒድ ሂና መቀባት ደግ ልማድ ነው፤ አባቴም ይቀባ ነበር። አባቴ ግን ፊልም ጀምሮ አልነበረም። የመርዶውን ትዕይንት ታስታውሳለህ? ግማሹን ከዒድ በፊት ቀረጽን፣ ግማሹን ከዒድ በኋላ። ባሌ መሞቱን ሊያረዱኝ ሲገቡ ጢማቸው ነጭ፤ አርድተውኝ ሲወጡ ቀይ! እኔ ከልቤ አለቀስኩ፣ ፊልሙ ሲታይ ግን አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገና ስንቀርጽ «እባክዎ እንደገና እንቅረጸው» ብላቸው፣ «ተመልካች ጢም አያይም» አሉኝ። እንዴት ያለ ልበ ሙሉነት ነው! ደግሞስ እውነታቸውን አይደል? ማን አየ? ትኬት ገዝቶ ከገባው ሰው በቀር...

ስለዚህ ወንድሜ፣ አትጨነቅ፣ ቀዩን አውጣላቸው። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ? እኛ ደግሞ ፊልሙን በመልክ እንደግፍላቸው። የኔን የለቅሶ ፎቶ ውስጥ ገጽ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ማስታወቂያ ጎን አድርገኸዋል አሉ... ምን አለበት? እሱም አንድ ነገር ነው። የለመድኩት ነው፤ እኔ ሳለቅስ አጠገቤ የሚስቅ አይጠፋም።

ውይ፣ ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? በሩ ላይ የቆሙት ባለ ቀይ ጢም ሰውዬ ቀና አሉ። ኧረ ይግቡ በላቸው! ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው፤ እሳቸውን የመሰለ ትሑት ሰው በዚህ ወሬ ምን አገባቸው?

በል ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች። ለባለ ሽፋኑ አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ሽፋኑን ያየ ሁሉ ይውደዳቸው... ፊልሙን ያየ ሁሉ ደግሞ ቶሎ ይርሳላቸው። አሚን በል እንጂ፣ ካሂኔ!