ወተት ለተደበቁት

ከነቀምቴ ወደ ጊዳ አያና በሚሄደው ሚኒባስ አንዲት እናትና አንድ ወጣት መምህር አጠገቤ ተቀምጠዋል። እናትየዋ እግራቸው ሥር ዕቃ ስለሞላ ቅላቸውን ጉልበቴ ላይ አኑረዋል።

«አየርላንድ በሚባል አገር፣ እማማ፣ ስውር ሰዎች አሉ ብለው ያምናሉ» አለ መምህሩ።

«እንደኛ ቆሌ?»

«ኤዬ፣ እንደዚያው። ጥንት የአገሩ ባለቤቶች ነበሩ አሉ፤ በጦርነት ሲሸነፉ ኮረብታ ሥር ገቡ።»

«ተፈናቃዮች ናቸው በለኛ!»

ሳቀ። «ሰዉ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ወተት ያኖርላቸዋል። ስማቸውን ግን አይጠራም።»

እናትየዋ ቅሉን በእጃቸው ነካ አድርገው፣ «እኛም በዚያ ክፉ ጊዜ በቆሎው ውስጥ ተደብቀን ሳለን ጎረቤቴ ጫልቱ እንዲሁ አደረገች። ሳትጣራ፣ በዚህ ቅል ወተት ማሳው ዳር አኑራልን ትመለስ ነበር» አሉ።

«አሁን ወደ እሷ ነዎት?»

«ቅሏን ልመልስ።»

«ባዶውን?»

«ውይ! የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ማር ሞልቼዋለሁ። ብቻ እንጃ፣ ከሸሸን ወዲህ አልተያየንም፤ ደጇ ብቆም ትቀበለኝ ይሆን?»

«ስሟን ይጥሩ፣ እማማ። አሁንማ መጣራት ይቻላል።»

መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቅሉን በሁለት እጄ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።