አግላያ ፕሮኮፊየቭና ያልፈረሙት ካርድ

በዚህ ብርድ ቆማችሁ የምትሰሙኝ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የድሮ የሥራ ባልደረቦች፤ ይህን የአግላያ ፕሮኮፊየቭናን ዜና ሕይወት ጽፋ የሰጠችኝ ልጃቸው ክሴኒያ ሮድዮኖቭና ናት፤ እንዳነበው የመረጠችኝም ከእናቷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለዓመታት ስለሠራሁ ነው። ታይሲያ ሎግቪኖቭና እባላለሁ። ከወረቀቱ ውስጥ አንድ መስመር እውነት አይደለም። ሟች አፈር ሳይለብሱ ስማቸው መጽዳት አለበትና፣ እዚያ ስደርስ የተጻፈውን ትቼ የማውቀውን እናገራለሁ። 

አግላያ ፕሮኮፊየቭና ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከፕሮኮፊ ቬርሺኒንና ከእናታቸው ከኡስቲንያ ካርፖቭና፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በቮልጋ ዳር በምትገኝ አነስተኛ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከዘመቱበት ጦርነት ሳይመለሱ በመቅረታቸው፣ ገና በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከሸራ መስፊያ ገብተው፣ ለእጃቸው በማይመጥን ወፍራም መርፌ የወታደር ድንኳን እየሰፉ እናታቸውንና ሁለት ታናናሾቻቸውን አስተዳደሩ። ያቋረጡትንም ትምህርት በማታ ተምረው ከጨረሱ በኋላ፣ በ1952 በከተማችን የፓራሹት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ስፌታቸው ቀጥ ያለ፣ ምላሳቸውም ከስፌታቸው የማይተናነስ ነበርና፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የማጣጠፊያው ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

በዚያው በ1957 የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወጥታ አገር ምድሩ በደስታ ሲያብድ፣ እኛ የክፍሉ ሴቶች ግን ወደ ሰማይ የወጣ ሁሉ አንድ ቀን መውረድ እንደሚኖርበት፣ የሚወርደውም በጨርቅ እንደሆነ አስበን ሥራ እንደሚበዛብን ገባን። ከአንድ ወር በኋላ የተላከችው ውሻ ሳትመለስ ስትቀር አግላያ ፕሮኮፊየቭና ምሳቸውን ሳይቀምሱ ዋሉ፤ በ1960 ነሐሴ ላይ ሁለት ውሾች ከሕዋ በሰላም ሲመለሱ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው እስከ መጨፈር ደረሱ። በዓመቱ መጨረሻ ሌላ መንኮራኩር ከነውሾቹ ተቃጥሎ ቀረ። ቀጥሎ የሚወጣው ሰው እንደሆነ፣ አሜሪካኖቹም እንደደረሱብን በሹክሹክታ ይወራ ስለነበር፣ በዚያ ወቅት ሰው ቤቱ የሚገባው ለመተኛት ብቻ ነበር።

በክፍላችን የማይጣስ ልማድ ነበረ። ፓራሹቱን ያጣጠፈችው ሴት በካርድ ላይ ፈርማ ካርዱን ከፓራሹቱ ቦርሳ ኪስ ትከተዋለች፤ በሙከራውም ቀን ሜዳው ላይ ቆማ ሥራዋ ሲከፈት በዓይኗ ታያለች። አግላያ ፕሮኮፊየቭና ደግሞ ከማጣጠፋቸው በፊት ጨርቁን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው እርጥበቱን ይለኩ ነበር፤ በኋላ በመሣሪያ ሲለካም ጉንጫቸው ተሳስቶ አያውቅም።

እንግዲህ እዚያው ደረስሁ። ወረቀቱ “በየካቲት 1961 በራሳቸው ስሕተት በደረሰ አደጋ ምክንያት ከኃላፊነታቸው ተነሡ” ይላል። ይህን አላነብም።

በዚያ የካቲት፣ አሁን ከፊታችን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ያሉት ሮድዮን ማትቬየቪች፣ የጠፈር ተጓዡ ከመንኮራኩሩ ተወንጭፎ የሚወጣበትን ወንበር ከአውሮፕላን እየተወረወሩ የሚሞክሩ የፓራሹት ዘላይ ነበሩ። ለሙከራው የተመደበው ፓራሹት በረዶ ነክቶት ስለመጣ ሁለት ቀን ተሰቅሎ መድረቅ ነበረበት፤ ፓራሹት ተሰቅሎ የሚደርቅበት ማማ የማሞቂያ ቧንቧ ግን በብርዱ ፈንድቶ ነበር። የፋብሪካው አለቃ ሙከራው በማግሥቱ እንዲሆን ቁርጥ ትእዛዝ ይዞ መጣ። አግላያ ፕሮኮፊየቭና ጨርቁን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አንሥተው፣ “አልፈርምም” አሉት።

“ሴትዮ፣ አሜሪካኖቹ ያንቺ ጨርቅ እስኪደርቅ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ መሰለሽ?” አላቸው።

“ከፈለጉ ይቅደሙ፤ የእኔ ሰው በደረቅ ጨርቅ ነው የሚወርደው” ብለውት፣ ሙከራውን ለማስቆም በረዶውን እየረገጡ ወደ ዋናው መሐንዲስ ቢሮ ሄዱ። መሐንዲሱ ለስብሰባ ወጥቶ ስለነበር በሩ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተገትረው ቢጠብቁትም ስላላገኙት፣ ፊርማ የሌለው ፓራሹት አይወጣም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እሳቸው እዚያ ቆመው ሳሉ አለቃው ወደ እኔ ዞረና፣ “ታይሲያ፣ ጎበዝ እኮ ነሽ። ልጅ ታሳድጊያለሽ፣ ባል የለሽም። ትፈርሚያለሽ ወይስ ሌላ ሥራ ልፈልግልሽ?” አለኝ። ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ነበር ብል ግን ዛሬም መዋሸቴ ነው፤ ከዚያ ትልቅ ሥራ ላይ የእኔም ስም እንዲኖር ጓጉቼ ነበር። ጨርቁ ጣቴን እያቀዘቀዘው አጣጠፍሁት፤ ፈረምሁም።

በማግሥቱ ሜዳው ላይ ቆሜ፣ ሮድዮን ማትቬየቪች ከአውሮፕላኑ ሲወጡ መቁጠር ጀመርሁ። አምስት እስክቆጥር መከፈት ነበረበት፤ ስምንት ደረስሁ፣ ዐሥር ደረስሁ፤ በላይኛው ብርድ እጥፋቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበርና ዐሥራ አራት ላይ ግማሹ ብቻ ተከፈተ። በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ሲወድቁ የተሰማውን ድምፅ አልገልጸውም። አግላያ ፕሮኮፊየቭና ወሬውን ሰምተው ሮጠው ሲደርሱ፣ ሐኪሞቹ በሰውየው ተጠምደው ሳለ ከቦርሳው ኪስ ካርዴን አወጡና በጓንታቸው ውስጥ ሸሸጉት፤ ክፍላችን ስንገባም ምድጃው ውስጥ ጣሉት። “ልጅሽን ማን ያሳድግልሻል? ዝም በይ” አሉኝ። ለአጣሪዎቹም ያጣጠፉት እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። አለቃው እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ዝም ማለቱ ለራሱም በጀው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ሰው ሕዋ ደርሶ በፓራሹት በሰላም ወረደ። ከተማው በሙሉ አደባባይ ወጥቶ ሲተቃቀፍ አግላያ ፕሮኮፊየቭና መጋዘን ውስጥ የፖስታ ከረጢት ይጠግኑ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጡም ፓራሹት አልነኩም። በየእሑዱ ግን የተቀቀለ ድንችና የተጨሰ ዓሣ ቋጥረው ሆስፒታል ይሄዱ ነበር። ሮድዮን ማትቬየቪች አንድ ቀን፣ “ያጣጠፍሽው አንቺ ነሽ?” ብለው ቢጠይቋቸው፣ “ክፍሉ የእኔ ነው” ብለው መለሱላቸው። ሮድዮን ማትቬየቪችም ብዙ ቀን ፊታቸውን አዙረውባቸው ከቆዩ በኋላ ይቅር አሏቸው። በ1963 ተጋቡ፤ በ1965 ክሴኒያን ወለዱ።

አሜሪካኖቹ ጨረቃን ረገጡ በተባለበት ሳምንት እራት ጋብዘውኝ ሳለ፣ ሮድዮን ማትቬየቪች እየሳቁ “ቀደሙን እኮ!” ሲሉ፣ ልናገር አፌን ከፈትሁ። አግላያ ፕሮኮፊየቭና ወደ ማእድ ቤት ጠርተውኝ፣ “እሱ አንድ ጊዜ ይቅር ብሎ ጨርሷል፤ ዛሬ ብትነግሪው ሁለተኛ ትሰብሪዋለሽ” አሉኝ። ምክራቸው ስለተመቸኝ እንደ ትእዛዝ ያዝሁት፤ በገበታቸው አርባ ዓመት ያህል በላሁ።

አግላያ ፕሮኮፊየቭና ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በዚህ በጥቅምት 2008 በሰባ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዘው፣ “አንቺ ነሽ የምታነቢው አሉ። ያቺን መስመር እንደተጻፈች አንብበሽ እለፊያት” ብለውኝ ነበር። በሕይወቴ ያልታዘዝኋቸው ይህን ብቻ ነው።

ትተውልን የሄዱት ልጃቸውን ክሴኒያን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሳቭቫንና ኡሊያናን፣ እንዲሁም ባለቤታቸውን ሮድዮን ማትቬየቪችን ነው። ሮድዮን ማትቬየቪች፣ እርስዎ ይቅር ያሉት አንዳች ያልበደሉዎትን ሴት ነው፤ የበደለችዎትን ይቅር ብለው አያውቁም፣ ማን እንደሆነች አልተነገረዎትምና።

ሰውን በደኅና ለማሳረፍ የደከሙትን የአግላያ ፕሮኮፊየቭናን ነፍስ፣ እግዚአብሔር በእቅፉ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍልን። ንባቡ አለቀ። ሮድዮን ማትቬየቪች፣ እዚሁ ቆሜያለሁ።