በኋላ አስታውሰኝ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ፣

ወንበር ለደረደራችሁ፣ ኬክ ላዘዛችሁ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ። ማይክሮፎኑ እስካሁን አላፏጨም። ቢያፏጭም ወደ እኔ እንዳታዩ፤ ከዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ።

የዚህ የውሃ አገልግሎት ቢሮ የኮምፒዩተር ጥገና ክፍል ማለት እኔ ነኝ። ኃላፊውም እኔ፣ ሠራተኛውም እኔ። ስብሰባ ስጠራ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎብኝ አያውቅም። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ጠረጴዛችሁ ሥር ተንበርክኬ ስለሆነ፣ ከፊቴ ይልቅ የጫማዬን ሶል ሳትለዩት አትቀሩም።

ቅጽል ስሜንም አውቃለሁ። «አቶ ነፃ» ነው የምትሉኝ። የማልሰማ መስሏችሁ ነበር?

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። ኮምፒዩተር ሲበራ ቀድሞ የሚነሣውና ሌላውን ሁሉ የሚያሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ከነዚህ አንዱ ሊኑክስ ነው። በነፃ ይገኛል፣ አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል። ታዲያ ማን እምቢ ይላል? እናንተ ናችኋ!

የግዢ ክፍሉ ወዳጄ፣ አሁን የምትስቀው፣ ታስታውሳለህ? «ነፃ ነው፣ ልጫነው» ስልህ፣ «ከሦስት ቦታ የዋጋ ማቅረቢያ አምጣ» አልከኝ። «ዜሮ፣ ዜሮና ዜሮ ብለው ይጻፉልኝ?» ብልህ፣ ፍንክች ሳትል «ማኅተም ካለው ችግር የለውም» አልከኝ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ደግሞ «ሻጭ የለውም፤ ቢበላሽ ማንን እከሳለሁ?» አለችኝ።

«የድሮው ሲበላሽ ማንን ከሰስሽ?»

«ማንንም። ብፈልግ ግን እችል ነበር።»

ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

እሺ ያለችኝ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ብቻ ነበረች። እሷም አዝናልኝ ይመስለኛል። አምና አንድ ዓርብ ከሰዓት ጫንኩላት። ሰኞ ጠዋት ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ድረስልኝ! ኮምፒዩተሬ ሞቷል።»

እየሮጥኩ ደረስኩ። በርቷል። ይሠራል። «ምኑ ነው የሞተው?»

«ምንም አላለኝማ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የለመድነው ሲስተም ካረጀ ቆይቷል። በየጠዋቱ ትንሽ ሳጥን ብቅ ይልና «ጊዜዬ አልፏል፣ አሁን ልታደስ?» ይላል። ከሥሩ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚል ቁልፍ አለ። ጸሐፊያችን ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ ያንን ትጫናለች፣ ከዚያ ሥራ ትጀምራለች። ስንት ዓመት እንዲህ ኖራለች። አዲሱ ደግሞ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ዝም ብሎ ተከፈተ። ይሄ ነው ሞት ያሰኘው። እስከ ምሳ ታግሣ «የድሮዬን መልስልኝ» አለችኝ።

መለስኩላት። ግን እንዴት እንደተናደድኩ! ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለተሰበሩት ኪቦርዶች ያልተናገርኩት ነገር የለም።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የታችኛው ፎቅ ኮምፒዩተሮች የለመድነውን ሲስተም አዲስ እትም መሸከም ስለማይችሉ በሙሉ ሊወገዱ ነው። ሊወገዱ! የእያንዳንዳቸውን ማራገቢያ በብሩሽ ያጸዳሁ፣ ካንዱ ነቅዬ ለሌላው የተከልኩ እኔ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ጠቅልለው ሊጥሉብኝ ነው ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ዘው አልኩ።

እሳቸውም እስክጨርስ ሰምተውኝ፣ «አንድ ሰው አሳየኝ» አሉኝ። «ሳይገደድ በሊኑክስህ ሠርቶ፣ አንተ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የቆየ አንድ ሰው። ያኔ አንዱም አይወገድም።»

አንድ ሰው! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሾርባዬን እየጠጣሁ ሳማርር፣ ባለቤቴ ሰማችኝና «ለመሆኑ አንተስ ጡረታ ስትወጣ ምን ልታደርግ አስበሃል?» አለችኝ።

«ቆይ፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ይሄን ስጠይቅህ ስንት ጊዜዬ ነው? አንተም እኮ ያችኑ ቁልፍ ነው የምትጫነው።»

ክቡራትና ክቡራን፣ እውነቷን ነው፣ ፈርቼ ነበር። እዚህ ሕንፃ ውስጥ በጨለማም ቢሆን እጄ ማብሪያውን አያጣውም። ከዚህ በር ውጭ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። እኔ ለመሄድ እንዲህ ከፈራሁ፣ እናንተን ለምን ፈራችሁ ብዬ የምቆጣው በምን አፌ ነው?

በማግስቱ ጸሐፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ስለ ፍጥነት አላወራሁም፣ ቫይረስም አላነሣሁም። «እታለም፣ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» ብቻ አልኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ጋሼ፣ የድሮው ሲበላሽብኝ ከጎኔ ያለውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ይሄኛውን የምታውቀው ግን አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደግሞ ልትሄድ ነው። ከዚያ ማንን ልጥራ?»

ይኸው ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ኮምፒዩተር ስሰብክ፣ እናንተ የጨነቃችሁ የምትጠይቁት ሰው ማጣት ነበር።

«ሁለት ብትሆኑስ?» አልኳት።

«ንብረት ክፍሉ እሺ ካለ እኔም እሺ» አለችኝ። የማይሆን ነገር ጠይቃ ልትገላገለኝ ነው። የንብረት ክፍሉ ባልደረባችን ከአፉ እሺ ወጥቶ እንደማያውቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱ ግን ሳያስጨርሰኝ ተቀበለ። ለካ ኮምፒዩተሮቹ ቢወገዱ የሚከመሩት እሱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቦታ የለውማ!

በአንድ ቀን ለሁለቱም ጫንኩላቸው። ለእሷ ያሳየኋትን ለእሱ አላሳየሁትም፤ ለእሱ ያሳየሁትንም ለእሷ አላሳየኋትም። እንዲጠያየቁ ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን በካርቶን ስሰበስብ፣ ከኮሪደሩ ማዶ «ኧረ ቆመብኝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ንብረት ክፍል ነው። ካቻቢቴዬን ይዤ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጸሐፊያችን ቀድማኝ ከወንበሩ ጀርባ ቆማለች።

«አትደብድበው። ኬብሉን ጠበቅ አድርገው። አዎ። አሁን እዚህ ጋ ተጫን።»

ኮምፒዩተሩ ተነሣ። እሷም ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ፈለግህ? አልጠራንህም እኮ።»

አልጠራንህም! በሥራ ዘመኔ እንዲህ ደስ ያለኝ ቃል የለም። ትንሽ ከፍቶኝም ነበር፣ አልዋሽም። ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጠራረግሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ኮምፒዩተሮቹ ከቦታቸው አይነሡም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችንም ከሰኞ ጀምሮ እሞክረዋለሁ ብላለች። ማንን እንደምትከስ ግን ገና አልወሰነችም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ሥራችሁ ይቃና። ቤታችሁ ይሙቅ። ልጆቻችሁ ለቁም ነገር ይብቁ። ሲጨንቃችሁ ዞር ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው ከጎናችሁ አይጥፋ። እኔን ለብልሽት አትጥሩኝ፤ ለሠርጋችሁና ለልደታችሁ ግን ጥሩኝ፣ ከነካቻቢቴዬ እመጣለሁ።

አንቺም፣ እዚያ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጥሽው ባለቤቴ፣ ምን ልታደርግ አስበሃል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም አላውቅም። ግን ከእንግዲህ «በኋላ» አልልሽም። ካፖርትሽን ያዢ፤ እንሂድ።